የኦይስተርን ዛጎል የሚሰረስረው ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ

የዛጎሉ መለያ ምልክቶችና የተሰራጨባቸው ባሕሮች

የእርሻ ተባይ ሁሉ በክንፉ በርሮ ወይም በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ ባለማሳው ራሱ ከዘሩ ጋራ አብሮ ገዝቶ፣ የማጓጓዣ ዋጋ ከፍሎ፣ በገዛ እጁ ከማሳው ላይ ይበትነዋል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንገልጸው ትንሽ ፍጥረት ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር ነው። ቁመቱ ከአውራ ጣት የመጀመሪያ አንጓ እምብዛም የማይበልጥ የባሕር ቀንድ አውጣ ሲሆን፣ ከተወለደበት ባሕር ወጥቶ ወደ ሩቅ ጠረፎች የደረሰው ዋኝቶ ሳይሆን ሰው ተሸክሞት ነው።

የሳይንስ ስሙ ኡሮሳልፒንክስ ሲኔሪያ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል ጅራትና መለከት ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው፤ ሁለተኛው የላቲን ሲሆን አመድማ ማለት ነው። ይህን ቀንድ አውጣ በ1822 ዓ.ም. መርምሮ በጽሑፍ ያስታወቀው ቶማስ ሴይ የተባለ አሜሪካዊ የተፈጥሮ ሊቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ዓሣ አስጋሪዎች በሥራው አይተው ‹‹የኦይስተር መሰርሰሪያ›› ብለው ይጠሩታል።

በባሕር ውስጥ ያለ ማሳ

የቀንድ አውጣውን ጠባይ ከመግለጻችን በፊት ጉዳቱ የሚደርስበትን የእርሻ ዐይነት ማስረዳት ያስፈልጋል። ኦይስተር ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ ሥጋው የሚበላ የባሕር እንስሳ ነው። በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በጃፓን ጠረፎች እንደ አዝመራ ተዘርቶ ይለቀማል። ገና ከዕንቁላል እንደ ወጣ ለጥቂት ሳምንታት በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በኋላ ከድንጋይ ወይም ከአሮጌ ዛጎል ላይ ይጣበቃል። አንድ ጊዜ ከተጣበቀም በራሱ ኀይል ከቦታው አይነቃነቅም።

ስለዚህ የኦይስተር ገበሬ አስቀድሞ ንጹሕ ዛጎል ከባሕሩ ወለል ላይ ይበትናል። ለጋዎቹ ኦይስተሮች በዚያ ላይ ሲጣበቁ ሰብስቦ ምግብ ወደ በዛበት ውሃ ያዛውራቸዋል፤ እስኪያድጉም ጥቂት ዓመታት ይጠብቃል። በገዛ ባሕሩ በቂ ዘር ያላገኘ ገበሬ ከሌላ ጠረፍ ይገዛል። በምድር ላይ ምርጥ ዘር ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሁሉ የኦይስተርም ዘር በመርከብና በባቡር ሲጓጓዝ ኖሯል። ለተባዩ በር የተከፈተለት በዚህ ንግድ ነው።

ከተጣበቀ በኋላ መሸሽ የማይችለው ኦይስተር ከዛጎሉ በስተቀር ሌላ ጋሻ የለውም። ጋሻውን የሚበሳ ጠላት ሲመጣበት ሁለቱን ክዳኖች አጥብቆ ዘግቶ ከመቆየት ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር የለም።

የዛጎሉ መልክ

ገበሬው ተባዩን የሚያውቀው በዛጎሉ ስለ ሆነ ምልክቶቹን በዝርዝር ማወቅ ይጠቅማል። ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰው ቀንድ አውጣ ዛጎል ብዙውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት አለው። በእንግሊዝ ጠረፍ ግን እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ይገኛል፤ በአሜሪካም የቨርጂኒያ ግዛት ውቅያኖሱን በሚያይበት ወገን ከዚህ የሚበልጡ አሉ።

ቅርጹ ሁለት ጫፉ የሾለ እንዝርት ይመስላል። ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ እየሰፋ የሚወርደው ጥምዝ አምስት ወይም ስድስት ዙር ይኖረዋል፤ የመጨረሻው ዙር ከሁሉ የሰፋ ሲሆን ብቻውን ከዛጎሉ ቁመት እኩሌታ በላይ ይይዛል። በዚህ በመጨረሻው ዙር ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ፣ ደብለል ያሉ ከ9 እስከ 12 የሚደርሱ ሸንተረሮች ይታያሉ። እነዚህንም በጥምዙ አቅጣጫ የሚዞሩ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ያቋርጧቸዋል። ቁመታሙና አግድሙ ሲገናኙ የዛጎሉ ገጽ እንደ ሰፌድ ስፌት ሻካራ ይሆናል፤ በጣት ሲዳሰስም ይህ ሻካራነት ወዲያው ይታወቃል።

የዛጎሉ አፍ እንደ ዕንቁላል ሞላላ ነው። የውጭው ከንፈር ቀጭን ሲሆን ከውስጥ በኩል ጥቂት ትንንሽ ጥርሶች አሉበት። ከአፉ በታች አጭር ቦይ ወጥቶ ይታያል፤ ይህ ቦይ ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ወገን ክፍት እንደ ሆነ ይኖራል። እንስሳው ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ አፉን ቀንድ በመሰለ ቡናማ ክዳን ይዘጋል። በዚህ ክዳን ምክንያት ውስጡ ያለው እርጥበት ስለማይደርቅ፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ቦታ ከውሃ ውጭ ለቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። በበርሜልና በጆንያ ውስጥ ከኦይስተር ጋራ ረጅም መንገድ ተጉዞ በሕይወት የደረሰውም ስለዚህ ነው።

ቀለሙ እንደ ስሙ አመድማ ነው፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ነጭ ያደላም፣ ቡናማ ቀለበት ያለበትም ይገኛል። የአፉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ ያደላ ሐምራዊ ነው። ይሁን እንጂ የባሕር አልጌና ጭቃ ስለሚሸፍነው በቀለም ብቻ መተማመን ያሳስታል። ሁነኛ ምልክቶቹ ሸንተረሮቹ፣ አጭሩ ክፍት ቦይና የእንዝርት ቅርጹ ናቸው።

ከሚመስሉት መለየት

በዚያው በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ኡፕሊዩራ ካውዳታ የሚባል ሌላ ሰርሳሪ ቀንድ አውጣ አለ። የዚህኛው ከንፈር ወፍራም፣ ቦዩም ረዘም ያለ ነው፤ በግራና በቀኝ በኩል ወጣ ያሉ ጠርዞች ስላሉትም ከፊትና ከኋላ የተጨፈለቀ ይመስላል።

በአውሮፓ ደግሞ ሁለት የሚመስሉት አሉ። ኦሴኔብራ ኤሪናሴውስ የተባለው የአገሬው ሰርሳሪ በቁመት ይበልጠዋል፤ ሙሉ ካደገ በኋላም የቦዩ ሁለት ጠርዞች ተገናኝተው እንደ ቧንቧ ይዘጋሉ። ኑሴላ ላፒሉስ የተባለው በድንጋያማ ጠረፍ የሚኖረው ደግሞ ዛጎሉ ወፍራም ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት ሸንተረሮችም የሉትም። እንግዲህ አንድ ቀንድ አውጣ ሲገኝ በመጀመሪያ ቦዩን መመልከት፣ ቀጥሎም ሸንተረሩን መዳሰስ ነው።

ሦስቱም ሆኑ ይህ የምንናገርለት ሙሪሲዴ ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ የሚቈጠሩ ናቸው። በጥንት ዘመን የጢሮስ ሰዎች ሐምራዊውን የነገሥታት ቀለም የሚያወጡት ከዚሁ ቤተሰብ ከሆኑ የሜዲትራኒያን ቀንድ አውጣዎች ነበር። በቀይ ባሕር ጠረፎችም የዚህ ቤተሰብ የሆኑ ልዩ ልዩ ዐይነቶች ይኖራሉ፤ ኡሮሳልፒንክስ ግን የቀዝቃዛና የመካከለኛ ባሕር እንስሳ ነው።

ዛጎልን እንዴት ይበሳል?

ይህን የመሰለ ልስልስ አካል ያለው ፍጥረት ድንጋይ የመሰለውን ዛጎል የሚበሳበት ዘዴ ሊቃውንትን ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። እኩሌቶቹ በጥርሱ ፍቆ ነው ሲሉ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ የሚያሟሟ ፈሳሽ አፍስሶ ነው ይሉ ነበር። ሜልቦርን ካሪከር የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ባደረጉት ምርመራ ሁለቱም በየተራ እንደሚሠሩ ገልጸዋል።

ቀንድ አውጣው ከኦይስተሩ ላይ ወጥቶ ተስማሚ ቦታ ከመረጠ በኋላ፣ ከእግሩ መርገጫ ሥር የሚገኘውን ልዩ ብልት አውጥቶ ከዛጎሉ ጋራ ያገናኘዋል። ከዚህ ብልት የሚወጣው ፈሳሽ ዛጎሉን ያለሰልሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ ብልቱን ይሰበስብና እንደ ሞረድ ጥርስ በወጣበት ምላሱ የለሰለሰውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይፍቃል፤ ከዚያም ተመልሶ ያለሰልሳል። እንዲህ እያፈራረቀ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሥራው ስስ ዛጎል ባለው ለጋ ላይ በሰዓታት ያልቃል፤ ወፍራም ዛጎል ባለው ላይ ግን ቀናት ይፈጃል። ቀዳዳው ካለቀ በኋላ እንደ ኩምቢ ያለውን አፉን አሾልኮ ሥጋውን ከውስጥ ይበላል።

በገበሬው ዘንድ የሚቀረው ምልክት ሁለቱ ክዳኖች እንደ ተያያዙ ባዶውን የቀረ ዛጎልና በአንደኛው ክዳን ላይ ያለች ትንሽ ክብ ቀዳዳ ናት። ቀዳዳዋ ከውጭ ሰፋ፣ ወደ ውስጥ ጠበብ ትላለች። ይህች ምልክት ካለች አሟሟቱ ከበሽታ ወይም ከጭቃ ሳይሆን ከሰርሳሪው መሆኑ አያጠራጥርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ለጋዎቹ ናቸው። በእንግሊዝ አገር እንደ ተገመተው አንድ ቀንድ አውጣ በዓመት ወደ 40 የሚደርሱ ለጋ ኦይስተሮችን ይፈጃል። በአንዳንዶቹ የወንዝ አፎችም ከለጋዎቹ ከእኩሌታ በላይ ያለቁበት ጊዜ ነበር። ዘሩ ከለጋነቱ ከጠፋ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚለቀም አዝመራ እንደማይኖር ግልጽ ነው። ማሳውን ባዶ አድርጎ በረኀብ ለመግደል ማሰብም ብዙ አያዋጣም፤ ኦይስተር ባጣ ጊዜ መስል የሚባለውን ጥቁር ዛጎልና ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን ባርናክል እየሰረሰረ ይኖራልና።

የማይዋኝ መንገደኛ

የዚህን ቀንድ አውጣ ስርጭት ለመረዳት ቍልፉ የዕንቁላሉ ነገር ነው። ብዙዎች የባሕር ቀንድ አውጣዎች ጫጩቶቻቸው በውሃ ላይ ተንሳፍፈው በማዕበል ወደ ሩቅ ይወሰዳሉ። የኡሮሳልፒንክስ ጫጩት ግን ተንሳፋፊ ዕድሜ የለውም። እናቲቱ የባሕሩ ውሃ ሞቅ ሲል ብልቃጥ የመሰሉ ትንንሽ ከረጢቶችን ከድንጋይ ወይም ከኦይስተር ዛጎል ላይ ታጣብቃለች። በእንግሊዝ ጠረፍ አንዲቱ በዓመት ወደ 25 ከረጢት ስታኖር በእያንዳንዱ ውስጥ 12 ያህል ዕንቁላል ይገኛል። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጫጩቶቹ ዛጎላቸውን ለብሰው በእግራቸው እየዳኹ ይወጣሉ፤ ወዲያውም በአካባቢያቸው ያለውን ለጋ መሰርሰር ይጀምራሉ።

እንግዲህ በገዛ እግሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ፍጥረት ውቅያኖስ ሊሻገር ባልቻለም ነበር። የትውልድ ቦታው የሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ ሲሆን፣ በካናዳ ካለው ከኖቫ ስኮሺያ አካባቢ ጀምሮ እስከ ፍሎሪዳ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ ይገኛል። በሎንግ አይላንድ ሳውንድ፣ በደላዌርና በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጦች ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የኦይስተር ጠላት ነው።

በ1869 ዓ.ም. አሜሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ ተፈጸመ። ወዲያው የምሥራቁ ኦይስተር በባቡር እየተጫነ በካሊፎርኒያ በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ እንዲያድግ ይበተን ጀመር። በ1890 ዓ.ም. ሰርሳሪው ቀንድ አውጣ በዚያው ወሽመጥ ተገኘ። ከዚያም ወደ ሰሜን በዋሽንግተን ግዛት በዊላፓና በፒዩጀት ሳውንድ፣ በካናዳም በባውንደሪ ቤይ ከኦይስተር ጋራ ገብቶ ታይቷል። ዋናው አሳዛኝ ነገር የሚከተለው ነው። ከምሥራቅ የመጣው ኦይስተር በሳን ፍራንሲስኮ ራሱን ችሎ ሊራባ አልቻለም፤ ንግዱም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተዳክሞ ኋላ ቀረ። ቀንድ አውጣው ግን ተራብቶ ኖረ። ዛሬ የምዕራቡ ጠረፍ ተወላጅ የሆነውን ኦሎምፒያ የተባለውን ትንሽ ኦይስተር እንደ ገና ለማራባት የሚደክሙ ሰዎች ከሚያጋጥሟቸው ዕንቅፋቶች አንዱ ይኸው ሰርሳሪ ነው። ጥቅም ይሰጣል ተብሎ የመጣው ጠፋ፤ ሳይጠሩት የመጣው ቀረ።

በእንግሊዝ አገርም ከ1870ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የአሜሪካ ኦይስተር እየመጣ በኤሴክስና በኬንት ጠረፎች ይበተን ነበር። ሰርሳሪው በዚያ መኖሩ በሊቃውንት ጽሑፍ የተነገረው በ1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከአገሬው ሰርሳሪ ሳይለይ ለዓመታት ሳይኖር አልቀረም፤ ቦዩን አይቶ መለየትን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ቢገኝ ኖሮ ምንኛ በጠቀመ ነበር። የማይዋኝ በመሆኑ በእነዚያው በሁለቱ አውራጃዎች ጠረፍ ተወስኖ ቆየ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በኔዘርላንድ በኦስተርስኼልደ የባሕር ክንድ ተገኝቷል። የስርጭቱን ካርታ ብንመለከት የኦይስተር ንግድ የሄደበትን መንገድ የሚከተል ሆኖ እናገኘዋለን።

የሚገድቡት ነገሮች

ይህ ተባይ ድክመት የሌለው አይደለም። ከሁሉ በፊት የጨው መቀነስን አይችልም። ኦይስተሩ ራሱ የወንዝ ውሃ በተቀላቀለበት ለስላሳ ውሃ ሲኖር ቀንድ አውጣው ግን ጨው በጣም በቀነሰበት ቦታ ይሞታል። ስለዚህ በወንዝ አፍ ወደ ላይ ያሉት ማሳዎች ከእርሱ ነጻ ሲሆኑ ወደ ውቅያኖስ የቀረቡት ይጎዳሉ። በ1972 ዓ.ም. በሰኔ ወር አግነስ የተባለው ማዕበል በቼሳፒክ ተፋሰስ ላይ እጅግ ብዙ ዝናብ ባፈሰሰ ጊዜ የወንዞቹ ውሃ ወሽመጡን አለሰለሰው፤ በራፓሃኖክ ወንዝና በሌሎችም ስፍራዎች ሰርሳሪው ከብዙ ማሳ ጠፋ። ያው ጎርፍ ግን ብዙ ኦይስተርም ስለ ገደለ ለገበሬው ንጹሕ በረከት አልነበረም።

ብርድም ይገታዋል። የባሕሩ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ትቶ ከወለሉ ላይ ይደበቃል፤ በጸደይ ውሃው ሲሞቅ ተመልሶ ይነሣል።

ሌላው ያዳከመው ነገር ሰው ሳያስብ ያደረገው ነው። የጀልባ ሥር ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ይቀባ በነበረው ቀለም ውስጥ ትሪቡቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ ውሑድ ነበረበት። ይህ መርዝ በሴቶቹ ቀንድ አውጣዎች ላይ የወንድ ብልት እያበቀለ ዕንቁላል እንዳያኖሩ ያደርግ ነበር። በኤሴክስ በብላክዎተር ወንዝ የኡሮሳልፒንክስ ቍጥር በዚህ ምክንያት መቀነሱ በ1991 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ተገልጿል። ነገር ግን ያው መርዝ በፈረንሳይ በአርካሾን የኦይስተሩን ዛጎል ከመጠን በላይ እያወፈረና እያጣመመ፣ ዘሩንም እያመከነ ገበሬዎቹን ከባድ ኪሳራ ላይ ጥሏል። ስለዚህ በመጀመሪያ በየአገሩ፣ ኋላም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። ጠላትን የሚገድል መርዝ ሁሉ ወዳጅ እንዳልሆነ ከዚህ መማር ይቻላል።

ገበሬው የሚያደርገው መከላከያ

ሰርሳሪው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ፈጽሞ ማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱን ለመቀነስ የተፈተኑ ዘዴዎች አሉ።

አንደኛ፣ በጸደይ ቀንድ አውጣዎቹ ዕንቁላል ለማኖር ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ይወዳሉ። በኤሴክስ ያሉ አስጋሪዎች ይህን ጠባይ አይተው ጎባጣ የጣሪያ ሸክላዎችን ከማሳው ላይ ያኖሩ ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ ከሸክላው ላይ ሲሰበሰቡ ሸክላውን አውጥቶ እነርሱንም ከረጢቶቻቸውንም መልቀም ይቻላል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ከእያንዳንዷ እናት ጋራ የሚጠፋው ትውልድ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ለጋ ኦይስተር የተሞላ የሽቦ ከረጢት እንደ ወጥመድ አኑሮ የተሰበሰቡትን በየጊዜው ማውጣት ነው። ቀንድ አውጣው የሚበላውን በውሃው ውስጥ በሽታ እየተከተለ ስለሚመጣ ወጥመዱ ይስበዋል።

ሦስተኛ፣ ማሳ ለመምረጥ በሚቻልበት ቦታ ለጋውን ዘር ጨው ቀነስ ባለበት ውሃ አሳድጎ፣ ዛጎሉ ከወፈረ በኋላ ወደ ታች ማዛወር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውና ወጪው አነስተኛ የሆነው ግን አራተኛው ነው፤ ይኸውም ዘርን ከማዛወር በፊት መመርመር። ሰርሳሪ ካለበት ባሕር ዘር አለመግዛት፣ የግድ ከተገዛም እያንዳንዱን ጭነት ዘርግቶ ቀንድ አውጣውን ብቻ ሳይሆን ከዛጎሎቹ ጉድጓድ ውስጥ የተጣበቁትን ብልቃጥ መሰል ከረጢቶች መፈለግ ያስፈልጋል። ትልቁን ለቅሞ ከረጢቱን የተወ ሰው ምንም አልሠራም። አንድ ከረጢት ያመለጠው ገበሬ ደርዘን የሚያህል ሰርሳሪ በማሳው ላይ ዘርቷል።

ይህ ነገር የባሕር ዳርቻ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። በኢትዮጵያ በ1980ዎቹ ዓመታት መታየት የጀመረው ፓርቴኒየም የተባለው አረም ከውጭ ከመጣ እህል ጋራ ሳይገባ እንዳልቀረ ይገመታል፤ ዛሬ በየማሳውና በየግጦሹ የሚያደርሰውን ጉዳት ገበሬው ሁሉ ያውቃል። በጆንያ የመጣው የአረም ፍሬም ሆነ በበርሜል የመጣው ቀንድ አውጣ መንገዳቸው አንድ ነው። ስለዚህ ዘር የሚገዛ ሁሉ ከመዝራቱ በፊት ዘርግቶ ይየው፤ የማያውቀውን ነገር ባገኘ ጊዜም ለእርሻ ባለሙያ ያሳየው። አንዲት ሰዓት ለምርመራ ያልሰጠ ሰው ተባዩን ሲለቅም ዕድሜውን ይፈጃል።